ሁለት ወዳጆች በአንድ ማዕድ

ፊልም ማለት የሚሮጥ ፈረስ፥ የሚቃጠል ከተማ፥ የሚሸሽና የሚያሳድድ ሰው ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ከአንድ ገበታ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ብቻ የሚታዩበት ሥራ ፊልም ሊባል ይገባዋልን? ፈረንሳዊው ሉዊ ማል በ1981 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው «ራቴ ከአንድሬ ጋራ» የተባለው ፊልም ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣልና፥ ስለ እርሱ ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሊ የተባለ ገንዘብ ያጠረው የቴያትር ደራሲ፥ ብዙ ዘመን ካላየው ወዳጁ ከቴያትር አዘጋጁ ከአንድሬ ጋራ ራት ሊበላ በኒውዮርክ ከተማ ወዳለ ምግብ ቤት ይሄዳል። በመንገድም ሳለ፥ በ10 ዓመቱ ባለጠጋ ሆኖ ስለ ጥበብ ብቻ ያስብ እንደ ነበር፥ በ36 ዓመቱ ግን የሚያስበው ስለ ገንዘብ ብቻ እንደ ሆነ ለራሱ ይናገራል። ንግግሩን የጻፉት ዋላስ ሾንና አንድሬ ግሪጎሪ ናቸው፤ የሚጫወቱትም እነርሱው ናቸው። ስለዚህ ተመልካች በድንገት ያወሩት ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ቃሉ አስቀድሞ ተጽፎና ተጠንቶ የተነገረ ነው።

አንድሬ ቴያትሩን ትቶ ዓለምን የዞረ ሰው ነው። በዬዢ ግሮቶቭስኪ ግብዣ ሄዶ በፖላንድ ደን ያደረገውን፥ በሰሐራ በረሃና በስኮትላንድ ያየውን፥ ደግሞም በሕይወቱ ሳለ እንደ ሬሳ መቀበሩን ያወራል። ዐሳቡም፥ የዘመኑን ሰው ምቾት አደንዝዞታልና ሊነቃ ይገባዋል የሚል ነው። ዋሊ እየጠየቀ ለረጅም ጊዜ ካዳመጠ በኋላ ይመልሳል፤ ማታ ያስቀመጠውን ቡና ጧት በረሮ ሳይገባበት ማግኘቱ፥ በብርድም ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብሱ ደስታው ነው፤ እውነትን ለማየትስ ኤቨረስት ተራራ መውጣት ለምን ያስፈልጋል?

ፊልሙ ከሁለቱ አንዱን አሸናፊ አለማድረጉ ያስመሰግነዋል። እኛ ግን ከሁለቱ ይልቅ በሦስተኛው ሰው እንፈርዳለን። አንድሬ ስለ ቤቱ በር ጠባቂ ሲናገር፥ እርሱ ዘበኛውን በስሙ ብቻ ሲጠራው ዘበኛው ግን በማዕረግ እንደሚጠራው፥ ይህም በሰውና በሰው መካከል የቆመ ግንብ እንደ ሆነ በምሬት ይገልጻል። በዚያው ምሽት ግን ሽማግሌው አሳላፊ ከገበታው ሲመላለስ፥ ስሙን የጠየቀው የለም። ማል የዚህን ሰው ፊት ደጋግሞ ማሳየቱ ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ስለ ንቃት ብዙ የሚናገር አጠገቡ የቆመውን ሳያይ ሊቀር እንደሚችል ያስገነዝበናልና።

በመጨረሻ ምግብ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ሒሳቡን አንድሬ ይከፍላል፤ ዋሊም በታክሲ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በመጣ ጊዜ ስለ ገንዘብ ያሰላስል የነበረው ሰው፥ አሁን በመስኮት የሚያየው ሕንፃ ሁሉ የልጅነቱን ነገር ያሳስበዋል። ወደ ተራራ አልወጣም፤ ወዳጁን እስከ መጨረሻው አዳመጠ እንጂ። ከ2 ሰዓት የሚያንሰው ይህ ፊልም ሳይሰለች የሚታየውም ስለዚህ ነው፤ የአንድ ሰው ልብ በጨዋታ መካከል ሲለወጥ ማየት ከፈረስ ሩጫ ያላነሰ እንቅስቃሴ ነውና።