«ኦሮማይ» እንግሊዝኛ ለመድረስ ለምን 42 ዓመት ፈጀበት?

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ ወለዱ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በአሜሪካ የወጣው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ አሳታሚው የኒው ዮርኩ ሶሆ ፕሬስ።

መዘግየቱን በደርግ ማሳበብ ይቀናናል። ደርግ ግን ከወደቀ 34 ዓመት ሊሞላው ነበር። «አማርኛ ትንሽ ቋንቋ ስለሆነ ነው» የሚለውም አያስኬድም። ለምን እንደማያስኬድ ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን መንትያ ከተሞች፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖልን፣ እንመልከት።

በእነዚህ ከተሞች በመላው አሜሪካ ስም ያላቸው ሦስት ለትርፍ ያልቆሙ የሥነ ጽሑፍ አሳታሚዎች አሉ፤ ግሬይዎልፍ፣ ኮፊ ሀውስና ሚልክዊድ። ሚልክዊድ እ.ኤ.አ. በ2020 የዩሪ ሪትኼውን ስለ ዓሣ ነባሪዎች የሚተርክ ልብ ወለድ ከሩሲያኛ አስተርጉሞ አሳትሟል። ሪትኼው ቹክቺ ነው፤ ሕዝቡ በሩሲያ የሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የሚኖር፣ ቁጥሩ ከ20 ሺህ የማይበልጥ ነው። የዚህ ሕዝብ ተረት ሚኒያፖሊስ ከደረሰ፣ የቋንቋ ማነስ ሰበብ ሊሆነን አይችልም።

ሪትኼው ብዙ መካከለኛ ነበረው። በሩሲያኛ ጻፈ፤ የሶቪየት ማተሚያ ቤቶች አሳተሙት፤ ከዚያም የዙሪኩ ዩኒየንስፈርላግ በጀርመንኛ መጻሕፍቱን ተከታትሎ አወጣ። ስለዚህ ሩሲያኛ የማያነብ አርታኢም መጽሐፉን በሌላ ቋንቋ አስነብቦ ሊመዝነው ይችላል። ግሬይዎልፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው የኖርዌጂያዊው ፔር ፔተርሰን ልብ ወለድም ከእንዲህ ዓይነት አገር የመጣ ነው። ኖርዌይ ኖርላ የሚባል፣ መጻሕፍቷን ለውጭ አሳታሚዎች የሚያስተዋውቅና የትርጉም ወጪ የሚደግፍ ተቋም አላት።

እኛም በአንድ ወቅት የመንግሥት ድልድይ ነበረን፤ መንገዱ ግን ወደ እኛ ብቻ የሚያመጣ ነበር። የሞስኮው ፕሮግረስ አሳታሚ በአማርኛ ያተማቸው መጻሕፍት በርካሽ ዋጋ አዲስ አበባ ይሸጡ ነበር። ሥርዓቱ ሲፈርስ መንገዱም ተዘጋ። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለውጭ አሳታሚዎች የሚከፍል የትርጉም ተቋም አቋቁማ ነበር፤ ከ2022ቱ የዩክሬን ወረራ በኋላ ግን ያንን ገንዘብ መቀበል ለብዙዎች አስቸጋሪ ሆነ። መንግሥት ብቻውን የተሸከመው ድልድይ ከመንግሥቱ ጋር ይወድቃል።

እኛ ዘንድ የቀረው የግለሰብ ትጋት ነው። ዳኛቸው ወርቁ የውጭ አንባቢ ሲፈልግ ራሱ በእንግሊዝኛ ጽፎ ልብ ወለዱን በሃይንማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1973 አወጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲሳይ አየነው ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በኦተርሀውስ፣ ማለትም ጸሐፊው ራሱ ከፍሎ በሚያሳትምበት ድርጅት፣ አወጣው። ድካሙ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም በዚህ መንገድ የወጣ መጽሐፍ የመደብር መደርደሪያና የጋዜጣ ሐያሲ ጠረጴዛ ላይ መድረስ ይቸግረዋል።

አሳታሚ በር ላይ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ጥሩ የእንግሊዝኛ ናሙና፣ መጽሐፉ ለምን እንደሚነበብ የሚያስረዳ አጭር ሐተታ፣ እና ከመብቱ ባለቤት ጋር የተፈረመ ስምምነት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ወራሾች ሁሉ ተገኝተው ካልተስማሙ ግሩም ትርጉምም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ለማድረግ ሚኒስቴር አያስፈልግም። መንትያዎቹ ከተሞች ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ አጣርተው የሚያነቡ፣ ውል የሚያውቁ፣ ገንዘብ ማዋጣት የለመዱ ሰዎች አሉ። ለዕቁብ የሚሰበሰቡ አሥር ሰዎች ለአንድ ተርጓሚ የ20 ገጽ ናሙና ዋጋ መክፈል አያቅታቸውም። እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው አማርኛ ቢሰሙም ብዙዎቹ ልብ ወለድ አያነቡበትም። በዓሉን የሚያገኙት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዳኛቸውንም እንደዚሁ።

እኔ ብመርጥ በ«አድፍርስ» እጀምራለሁ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ንግግሩ ተርጓሚን ያስለቅሳል፤ ናሙናው ከተሳካ ግን አርታኢውን የሚይዘውም ያው ንግግር ነው። መጀመሪያ የዳኛቸውን ወራሾች ማነጋገር፣ ከዚያ 20 ገጽ።