ለመሆኑ ይሰማሉ?

ዲላ ያሉት አጎቴ ቤት፣ ቡፌው ላይ ከስኒዎቹ ጎን፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አለ። ከጆሮ ኋላ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ነው። ከተሰጣቸው ሦስት ወር አልፎታል። ባለፈው ስሄድ ፈትቼ አየሁት፤ አብረው ከመጡት ስድስት ባትሪዎች አምስቱ ማሸጊያቸው እንኳ አልተነካም።

«ጋሼ፣ አይሰራም እንዴ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

«ተመስገን፣ ይሰራል።»

እንግዲህ ይቺ «ተመስገን» ናት ወረቀት ላይ ስትሰፍር «ተጠቃሚው ረክተዋል» የምትሆነው። መሣሪያውን የሰጧቸው ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ጸጥ ያለ ክፍል አስገብተው፣ ድምፅ በተሰማዎት ቁጥር እጅዎን ያንሱ ብለው፣ የአማርኛ ቃላት አስደግመው ሸኟቸው። ፈተናውን አልፈዋል! ግን አጎቴ የሚኖሩት ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አይደለም። የሚኖሩት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ቡናው ሲወቀጥ፣ ባጃጁ ሲጮህ ነው። ሶንጎ፣ ማለትም የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያ የሚነገረው ደግሞ ጌዴኡፋ ነው። መሣሪያው የተናጋሪውንም የዝናቡንም ድምፅ አብሮ ያጎላዋል። «ጭንቅላቴ ውስጥ ገበያ ቆመ» ያሉኝ ኋላ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ነው።

የሙያው ሰዎች ይህን አይስቱትም። አውስትራሊያውያን በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መለኪያ፣ ሰውየው የትና መቼ መስማት እንደሚፈልግ እስከ አምስት ድረስ ራሱ አስቀድሞ ይናገራል፤ በኋላም የሚጠየቀው ስለእነዚያው ነው። በ2002 የታተመውና በብዙ ቋንቋ የተተረጎመው ባለ ሰባት ጥያቄ ዓለም አቀፍ መጠይቅ ደግሞ የሚጀምረው፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በቀን ስንት ሰዓት ተጠቀሙበት በማለት ነው። ከሰባቱ እኔ የምወዳት ይችን ነው። ስለ እርካታ የሚጠይቁትን ግን እኛ ዘንድ አላምናቸውም። በነፃ የተሰጠውን ዕቃ «አልረባኝም» ብሎ ሰጪው ፊት የሚናገር አዛውንት ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ባትሪ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ማሸጊያው አንዴ ከተላጠ፣ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ይደክማል፤ በየቀኑ ከተሠራበት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው። በሦስት ወር አንድ ብቻ ከተከፈተ ምን ጥናት ያስፈልጋል? እንዲያውም ብዙዎቹ ዲጂታል መሣሪያዎች የሠሩበትን ሰዓት ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ከፍቶ የሚያነብ ከተገኘ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰው በመስማት ችግር የተነሳ የተሃድሶ አገልግሎት ያስፈልገዋል ብሏል። እኛ ዘንድ ዜና የሚሆነው «ይህን ያህል መሣሪያ ታደለ» ነው። ከመንፈቅ በኋላ ስንቱ ጆሮ ላይ፣ ስንቱ ቡፌ ላይ እንዳለ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬ ደግሞ ደህና ነው።

ከመሄዴ በፊት የአውስትራሊያውያኑን ጥያቄ ለአጎቴ አቀረብኩላቸው፦ የት መስማት ይፈልጋሉ? ሶንጎ ይላሉ ብዬ ነበር። ትንሽ አሰቡና፣ «ያቺ ትንሿ የልጅ ልጄ ከጓሮ ስትጠራኝ» አሉ። ሶንጎ ሁለተኛ ወጣ።