የካርቱም ፒካፖች አየር መሳቢያ

ሱዳኖች «ቦክስ» በሚሏት ቶዮታ ሃይሉክስ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ብዙ ነው፤ እኔ የማደንቀው ግን ከፊት መስታወቱ ጎን ወደ ጣራው የወጣችውን የአየር መሳቢያ ቱቦ ነው። ሰው ወንዝ መሻገሪያ ትመስለዋለች። ካርቱም ላይ ግን ጠላቷ አቧራ ነው።

ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሀቡብ ይነሣል፤ ነጎድጓዳማ ደመና ከፊቱ የሚገፋው፣ አንዳንዴ እስከ 1,000 ሜትር የሚቆም የአቧራ ግድግዳ። ቱቦዋ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ማጣሪያ የሚገባውን አየር ያሽከረክረዋል፤ ከበድ ያለው አቧራ ወደ ዳር ይወረወርና ከውጭ በሚታየው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ሾፌሩ ፈትቶ ሲደፋው የሚወርደው እንደ በርበሬ የላመ ቀይ አፈር ነው። ይህ ሁሉ ዋናው የአየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮው ላይ ሊያርፍ የነበረ!

የሞተሩን ጉልበት ለመጨመር ካምሻፍት መቀየርስ? ቫልቮቹን ረዘም ላለ ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት በከፍተኛ ዙር ላይ ጉልበት ይጨምራል፣ በዝቅተኛው ይቀንሳል። ሽንኩርትና በግ ጭኖ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በሁለተኛ ማርሽ ለሚያዘግም መኪና ምን ይረባዋል? ይልቅ የፋብሪካውን ካምሻፍት ዕድሜ የምታስረዝምለት ይቺው ቱቦ ናት፤ በፒስተኑ ዳር ሾልኮ ዘይት ውስጥ የገባ አቧራ ካሙን ይሞርደዋልና። ከጣራ የሚሳበው አየር ደግሞ ከኮፈኑ ሥር ካለው ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር እምቅ ስለሆነ ሞተሩ ይወደዋል።

ብቻ በፊልትሮውና በሞተሩ መካከል ያለው ላስቲክ እንዳይሰነጠቅ፤ ከተሰነጠቀ አቧራው ሁሉንም ዘሎ ይገባል።