«አጥፋ» ስለሚለው ትእዛዝና ስለ ኮምፒዩተር አነሣሥ

«ኮምፒዩተሩ አልከፈት አለ» የሚለው አነጋገር በመሥሪያ ቤቶቻችን ከተለመደ ሰንብቷል። ነገር ግን ሦስት ልዩ ልዩ ብልሽቶች ይጠሩበታል፤ ይኸውም ኀይል አለማግኘቱ፣ ኀይል እያገኘ ሥርዐቱ አለመነሣቱ፣ ከተነሣም በኋላ አንድ ፕሮግራም አለመከፈቱ ነው። «በራ»፣ «ተነሣ» እና «ተከፈተ» የሚሉ ግሦች እያሉን አንዱን ለሦስቱ ማዋላችን የቋንቋው ድህነት ሳይሆን የእኛ ቸልተኝነት ነው።

የባሰው ችግር ያለው ግን በመፍትሔው ቃል ላይ ነው። እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ባሉት አሮጌ ሥርዐቶች የአማርኛ መጻፊያ፣ የቫይረስ መከላከያና ይህን የመሳሰሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ከሥርዐቱ ጋር አብረው ይነሣሉ፤ ሲበዙ ወይም ሲጋጩ አነሣሡን ያዘገዩታል፣ አንዳንዴም ያቆሙታል። መላው የታወቀ ነው፤ «ኤፍ 8»ን ተጭኖ ማሽኑን በመሠረታዊ ክፍሎቹ ብቻ ማስነሣት፣ ከዚያም ተጨማሪዎቹን ከመነሻው ዝርዝር እያወጡ አንድ በአንድ መፈተን። በአማርኛ የሚሰጠው ምክር ግን ብዙ ጊዜ «ተጨማሪውን ፕሮግራም አጥፋ» የሚል ነው። መብራት ይጠፋል፤ ጽሑፍም ይጠፋል። የትኛው ታዘዘ?

በገዘር ወይም በጂንካ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ አማርኛን ከአሪኛ ቀጥሎ የተማረ ጸሐፊ ቃሉን እንደ ተጻፈ ቢፈጽመው አይፈረድበትም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከነፊደል ቅርጹ ሲነቀል በእርሱ የተጻፈው ደብዳቤ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። ደብዳቤው ግን አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ እርሱንም ቢደመስሰው አያስገርምም።

በስልክና በኮምፒዩተር ገጾች ላይ የሚታየው «አሰናክል» ይሻላል የሚሉ አሉ። በበኩላችን አንስማማም። ማሰናከል የሚሄደውን ማደናቀፍ ነው፤ ኮምፒዩተሩን ያሰናከለውን ፕሮግራም «አሰናክል» ማለት ጥፋቱንና ቅጣቱን በአንድ ስም መጥራት ይሆናል። «አቦዝን» ይበልጣል፤ የቦዘነ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ እንጂ አልሞተምና ነገ ሊጠራ ይችላል። «ቦዘኔ» የሚለው ስድብ ጥላውን እንዳጠላበት አልዘነጋንም፤ ፕሮግራም ግን አይቀየምም። «አራግፍ» የ«ጫን» ተቃራኒ ነውና ለማስወገድ ይሁን። «ደምስስ» ለፋይል፣ «አጥፋ» ለኀይል ብቻ ይቅር።

እንግዲህ ምክሩ እንዲህ ቢጻፍ እንመርጣለን፦ «በመሠረታዊው አስነሣ፤ ተጨማሪዎቹን አቦዝን፤ እያስነሣህ አንድ በአንድ መልሳቸው፤ ያላስነሣህን ብቻ አራግፍ፤ የአማርኛ መጻፊያ ከሆነ ግን አስቀድመህ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ ለውጥ።»