መጽሐፉ ተመለሰ፣ ስዕሉ ቀረ

ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ካየሁ ሳላገላብጥ አላልፍም፦ የታሪክ ምስጢር ያለበት ልቦለድ፣ የግጥም መድበል እና በትልልቅ ገጽ የታተመ የስዕል መጽሐፍ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአማርኛ እንደ ልብ አገኛለሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የኢትዮጵያን ስዕል በደንብ የሚያሳዩ መጻሕፍት አሉ፤ ችግሩ አብዛኞቹ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በጀርመንኛ መሆኑ ነው። ስዕሉ የእኛ፣ ስለ ስዕሉ የሚወራው ወሬ የሌላ ሰው። ይህ የኅትመት ዋጋ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ምን ላይ ዓይናችንን እንደምናሳርፍና ምኑን ሳናይ እንደምናልፍ የሚወስን ነገር ነው።

ከአንድ እውነተኛ ምስጢር ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1872 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ከመቅደላ ከተዘረፈው ንብረት ውስጥ ሁለት ነገሮች እንዲመለሱላቸው ጠየቁ፤ አንዱ «ክብረ ነገሥት» የተባለው መጽሐፍ፣ ሌላው «ኵርዐተ ርእሱ» የተባለው ስዕል። መጽሐፉ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ስለነበር ተመለሰ። ስዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ።

ስዕሉ የት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1868 ብሪቲሽ ሙዚየም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የላከው ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ባለሙያ ነበር። ሥራው ለሙዚየሙ ቅርስ መሰብሰብ ነው። ኵርዐተ ርእሱን ግን ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ ወሰደው። የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ እንግሊዝ ሲደርስ ደግሞ ይኸው ሰው የት ይሠራ ነበር መሰላችሁ? ዊንድሰር ቤተ መንግሥት፣ የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ! ሕዝብ የስዕሉን ፎቶ ያየው እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊንግተን ማጋዚን የተባለ የጥበብ መጽሔት ሲያወጣው ነው። ከዚያ በኋላ በጨረታ ተሽጦ በመጨረሻ ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ ገባ።

ልቦለድ ጸሐፊ ይህን ፈጥሮ ቢያመጣው «አጋነንከው» ይባል ነበር። ሆኖም ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «አሁን ማን ጋ ነው?» ብሎ ነው። «ምን ይመስላል?» የሚል ብዙ አይገጥምም። ስዕሉ የእሾህ አክሊል የደፋ፣ ፊቱ ላይ የደም ጠብታ ያለበት የክርስቶስ ምስል ነው። የተሣለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ እጅ እንደሆነ ይታመናል። ግን እዚህ አገር ከገባ በኋላ አገርኛ ሆነ። ነገሥታቱ ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመልሷል፤ የእኛ ሠዓልያንም በየቤተ ክርስቲያኑ እየደጋገሙ ሥለውታል። አንድ የባዕድ ፊት በስንት እጅ አልፎ የጎንደር ፊት እንደሆነ፣ ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአማርኛ የሚያሳየኝ መጽሐፍ ብፈልግ ግን አላገኘሁም። ከዘረፋው ይልቅ የሚያጓጓኝ ምስጢር እንዲያውም ይኸኛው ነው።

መጽሐፉ ተመለሰ፣ ስዕሉ ቀረ። የዘመናዊ አማርኛ ንባባችንም የሄደው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የብራና መጽሐፍ የሚሠራው ሰው ቃልና ምስልን በአንድ ቆዳ ላይ ነበር የሚያሳድራቸው። «ተአምረ ማርያም»ን የገለጠ ሰው ተአምሩን ያነባል፣ በሥዕልም ያየዋል። «ስንክሳር»ን የገለጠ ደግሞ የቅዱሱን ታሪክ ካነበበ በኋላ መጨረሻ ላይ «ሰላም» እያለ የሚጀምር አጭር ግጥም ይጠብቀዋል፤ አርኬ ይሉታል። የቅዱሳኑ ስም በቀይ ቀለም ተለይቶ ይጻፋል። ታሪክ፣ ግጥም፣ ምስልና ቀለም የአንድ ባህል፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ጥራዝ ልጆች ነበሩ። በኮምፒውተር ቋንቋ ብናገር ዳታውም ገጽታውም በአንድ ፋይል ነበር። ማተሚያ ቤት ሲመጣ ቃሉ ረክሶ ተባዛ፤ ቀለሙ ተወዶ ቀረ።

ቀለሙ የተወውን ክፍት ቦታ ማን ሞላው? መልሱ ያስቃል፤ የምስጢር ልቦለድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» አስታውሱ። የእኔ ዕድሜ ሰው ሆኖ መጽሐፉን ያላነበበ ቢኖር እንኳ በተማሪዎች እጅ ሲዞር ያላየ አይኖርም። የጣና ገዳማትን፣ የተሰወረ መልእክትንና ውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስትን በአንድ ገመድ አሰረ። የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»ም በኋላ መጥቶ አንባቢውን በየገዳሙና በየገደሉ ይዞት ዞሯል። ተቺዎች በእነዚህ መጻሕፍት ላይ የሚሉት አላቸው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሳስተዋል፣ አጋጣሚው በዝቷል ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን አንድ ነገር ሳያመሰግኑ ያልፋሉ። እነዚህ ልቦለዶች ፊዚክስና ፕሮግራሚንግ ሲያጠና የከረመን ወጣት ብራና የሚባል ነገር እንዳለ፣ ያረጀ ግድግዳ ላይ ያለ ምልክት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል አስጠርጥረውታል። ጥርጣሬ ደግሞ የማየት መጀመሪያ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በምስጢር ልቦለድ ውስጥ ስዕል ቁልፍ ነው፤ በሩ ሲከፈት ቁልፉ ይረሳል። እኔ ውዬ የማድረው ኮድ ውስጥ ስለሆነ ይህ ዓይነቱን ንባብ አውቀዋለሁ። ዲበግ ሲደረግ አንድ መስመር የሚነበበው ስህተቱን እስኪሰጥ ድረስ ነው፤ ከሰጠ በኋላ ማንም ተመልሶ አያየውም። ስዕልን ግን እንዲህ ማንበብ አይቻልም። መልሱን ከሰጠ በኋላ ነው ይበልጥ መታየት ያለበት። ይህን ልማድ የሚያስተምረው ደግሞ ግጥም ነው። ግጥምን ማንም «ጨረስኩት» ብሎ አይዘጋውም። ሰምና ወርቅ ያሳደገው ሕዝብ ሁለተኛ ማየትን የሚማረው ከማንም አይደለም፤ ጆሮው ያውቃል። ዓይኑ ላይ ነው ያልደረሰው።

እዚህ ላይ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይመጣል። ሐረር በ1924 ዓ.ም. ተወለደ፤ አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ዘመናዊ አሣሣል ተምሮ ተመለሰ፤ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በመጨረሻ ከአገር ወጥቶ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። «አገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን የማያውቅ የአማርኛ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ» ግን ስንቶቻችን በእርጋታ አይተነዋል?

ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በአማርኛ ታተሙለት። ያኔውኑ ገደማ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስለ ሠዓሊነቱና ስለ ገጣሚነቱ ትልቅ የስዕል መጽሐፍ አወጣ፤ እሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ሁለቱም ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ባይታተሙ ኖሮ ምን እናይ ነበር? ግን ነገሩን አስቡት። አባት ቃሉንና ምስሉን አንድ ብራና ላይ አኖሩ። የልጃቸው ቃል በአንድ ቋንቋ፣ ምስሉ በሌላ ቋንቋ፣ በሁለት መደርደሪያ ተቀመጠ። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ገጣሚውን ያገኛል፤ ሠዓሊውን ይጎበኛል እንጂ አያነበውም።

ጉዳቱ የሚታየው ሁለቱን አብሮ ለማንበብ ሲሞከር ነው። የገብረ ክርስቶስ ግጥም በስሜት የተሞላ ነው፤ ናፍቆቱን በግልጽ ይናገራል፣ ይጮኻል፣ ይደጋግማል። ስዕሉ ግን ቁጥብ ነው፤ ከሚያሳየው የሚቀንሰው ይበልጣል። «ጎልጎታ» ላይ ሥጋው ወደ ቀይ ቀለም ሊቀልጥ ደርሷል። በግጥሙ ቃል ያበዛው ሰው በስዕሉ ዝምታን መረጠ። ግጥሙን ብቻ የያዘ አንባቢ «ስሜታዊ» ብሎ ያልፈዋል፤ ስዕሉን ብቻ ያየ ደግሞ «አውሮፓ የቀዳው» ይለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ግን አንዱ ሌላውን ሲገስጸው ያያል። እሱን የሚያክል ሰው በግማሽ መፍረድ ደግሞ ቀላል ጥፋት አይደለም። ከዚያ «ጎልጎታ»ን ከኵርዐተ ርእሱ አጠገብ ማድረግ ነው፤ በመሐላቸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ አለ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ሥቃይ ናቸው፣ አንደኛው ፊቱን ይሰጣል፣ ሌላው ፊቱን ይነሳል።

«ታዲያ አሁን ምን አስቸኮለህ?» ለምትሉኝ ወደ ካዛንቺስ ልውሰዳችሁ። የሰፈሩ ስም ራሱ ትንሽ የታሪክ ምስጢር ነው። «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» ደግሞ በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ስም አህጽሮት። ከሰፈሩ ሥር አፍሪካ አዳራሽ አለ፤ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት። እዚያ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ስዕል ቆሟል፤ በሦስት ክፍል፣ ያለፈውን፣ የሚታገለውንና የሚመጣውን አፍሪካ እያሳየ። ዘንዶው አለ፣ ችቦ የያዙት ሰዎች አሉ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ የለበሰ ባለጥሩር አለ።

ይህ ስዕል በግልጽ ለሕዝብ የተሣለ ነው፤ የሚናገረው ስለ ሕዝብ ነው። ያለው ግን በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ፣ ከፍተሻ በር ወዲያ ነው። ቂርቆስ ተወልዶ፣ ካዛንቺስ ሻይ ጠጥቶ፣ በአጥሩ ሥር በታክሲ እየተመላለሰ ያደገ ሰው አይቶት ላያውቅ ይችላል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አዳራሹ ታድሶ እንደገና ተከፈተ። በዚያው ሰሞን ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰች፤ የአሮጌ መንደሮቿ ነዋሪዎች ወደ ሌላ የከተማዋ ጫፍ ሄዱ። መስታወቱ ጸድቶ በራ፤ ጎረቤቶቹ ተበተኑ። በፖለቲካው ላይ የሚባለውን ሌላ ቦታ ተባባሉ። እኔ የምጠይቀው የአንባቢ ጥያቄ ነው፤ ለሄደው ጎረቤት መስታወቱን ማን ያደርስለታል? የትም የማይፈተሽ፣ ዕቃ ጭኖ ለሚሄድ ቤተሰብ በፌስታል የሚያዝ ነገር መጽሐፍ ነው።

«ስልክ አለ አይደል?» ይባል ይሆናል። አለ። ምስሉንም ታገኙታላችሁ፤ በስንት ዓይነት ቀለም፣ በስንት ዓይነት ቁርጥ፣ ማን እንደሣለው ሳይጻፍበት። ስሙና ቅደም ተከተሉ የጠፋበት ፋይል ሰርቨር ላይ ቢኖርም የሌለ ያህል ነው፤ ይህን ማንኛውም የሙያ ባልደረባዬ ያውቀዋል። መጽሐፍ የሚያደርገው ምስልን ማሳየት ብቻ አይደለም፤ ከየትኛው በኋላ የትኛውን እንደምናይ ይወስናል፣ አጠገቡ ቃል ያስቀምጣል፣ ገጹ እስኪገለጥ ያስጠብቃል።

የዋጋው ነገር ግን እውነት ነው። ባለቀለም ኅትመት ውድ ነው፤ አሳታሚ ኪሳራ ቢፈራ አልፈርድበትም። ስለዚህ የምመኘው ጠረጴዛ የሚያጎብጥ ጥራዝ አይደለም። በኪስ የሚገባ፣ ስድሳ ገጽ የማይሞላ፣ በአንድ ስዕል ላይ ብቻ የተጻፈ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ እንደ ምስጢር ልቦለድ ይጀምር፤ ማን ሣለው፣ ማን ወሰደው፣ ለምን ይህ ሰው ጀርባውን ሰጠ? ቀለም የሚያስፈልጋቸው ገጾች ስምንት ቢሆኑ ይበቃሉ፤ ሙሉው ስዕል አንዴ፣ ከዚያ ቁርጥራጩ በቅርበት። መጨረሻው ላይ፣ እንደ ስንክሳሩ አርኬ፣ ስዕሉን አይቶ የተጻፈ አንድ አዲስ ግጥም ይግባበት። ገጣሚ አላጣንም፤ በየወሩ ግጥም በሚነበብባቸው መድረኮች ወንበር አይገኝም። የምስጢር ጸሐፊም አላጣንም። የጎደለው ሁለቱን አንድ ስዕል ፊት የሚያስቀምጥ አዘጋጅ ነው።

የመጀመሪያው እትም የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ይሁን፤ ሁለተኛው ኵርዐተ ርእሱ ከነጎንደር ቅጂዎቹ፤ ሦስተኛው «ጎልጎታ»። በጀማሪ አሳታሚ ቤት የምትሠሩ፣ ግጥም የምትጽፉ፣ ካሜራ ያላችሁ ልጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ የገጾቹን አቀማመጥና የአማርኛውን ፊደል አደራረግ እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ስዕሉን የሚያየው ዓይንና አጠገቡ የሚቀመጠው ቃል የእናንተ ድርሻ ነው።