ዝናብን ያወቁ እጆች

የፒያሳን አሮጌ ቤት በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው በሐምሌ ይምጣ። በበጋማ ሁሉም ቤት ያምራል፤ የጠዋት ፀሐይ ያረፈችበት ያረጀ ጣውላ የማይወድ ማን ነው? ካሜራ ያነገተ ጎብኚም የሚበዛው በጥቅምትና በኅዳር ነው። የአናጢው ብልሃት የሚገለጠው ግን ዶፍ ሲወርድ ነው። ጃንጥላ ይዞ ከመንገዱ ማዶ መቆም፣ ዓይንን ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ውሃው በየት በየት እንደሚወርድ መከታተል ነው።

እኔ የምኖረው ከጣይቱ ሆቴል ብዙም በማይርቅ ቅያስ ውስጥ፣ ምድሩ ድንጋይ፣ ፎቁ ጭቃ፣ በረንዳው እንጨት በሆነ ቤት ነው። ቆርቆሮው የሚያልቅበት ክፈፍ ሥር ከአንድ ስንዝር ትንሽ የሚሰፋ ጣውላ ዙሪያውን ተንጠልጥሏል። የታችኛው ጫፉ በመጋዝ ተቀርጿል፦ ቅጠል፣ ክብ ቀዳዳ፣ ሹል ጫፍ፣ እንደገና ቅጠል። ከሩቅ ሲያዩት የነጠላ ጥለት ይመስላል። አላፊ አግዳሚው ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ጌጥነቱንም አልክድም። ግን ለጌጥ ብቻ ቢሆን ሹሉ ሁልጊዜ ወደ ታች ባልሆነ ነበር። ውሃ በእንጨት ፊት ሲወርድ የሚያገኘው ጠርዝ ቀጥ ያለ ከሆነ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ውሎ አድሮ ወደ ኋላ ዞሮ እንጨቱን ከሥሩ ያበሰብሰዋል። ሹል ካገኘ ግን ይሰበሰብና ጠብ ይላል። ጣውላው ደግሞ ከኋላው የሚደብቀው ነገር አለ፤ የወራጆቹን የተቆረጠ ጫፍ። እንጨት ውሃ የሚጠጣው ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠበት በኩል ነው። ስለዚህ ያ ጥለት የሚመስል ነገር ለጣሪያው ሁሉ መከታ ሆኖ ዝናቡን በፊቱ የሚቀበል፣ ሲያረጅም ለብቻው ወልቆ የሚቀየር ክፍል ነው።

በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቼ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ሌላ ነገር አገኘሁ። ሁሉም በአንድ ንድፍ ተሠምረው በእጅ መጋዝ የተቆረጡ ናቸው፤ አንዱ ክብ ትንሽ ሞላላ ነው፣ የሌላው ሹል በጥቂቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ወደ ማዕዘኑ ስንጠጋ ግን ቅጠሎቹ ለዓይን በማይታወቅ ሁኔታ ይጠባሉ። በሜትር ለካሁት። መሀል ላይ ካሉት ይልቅ የመጨረሻዎቹ እያንዳንዳቸው በጥቂት ሚሊ ሜትር ያንሳሉ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የግድግዳው ርዝመት ለቅጠሉ ስፋት እኩል አልተካፈለለትም። ሰነፍ አናጢ ቢሆን ማዕዘኑ ላይ ግማሽ ቅጠል ቆርጦ ይጨርሰው ነበር። የኛው ሰውዬ ጉድለቱን ለብዙ ቅጠሎች አከፋፈለው፤ ማዕዘኑም በሙሉ ሹል ተዘጋ። ይህን ለማድረግ ጫፍ ላይ ከመድረሱ በፊት፣ ገና ከሩቁ፣ እንደማይበቃው ማወቅ ነበረበት። ስሙን የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማውቀው ሰው ይመስለኛል።

ቆርቆሮውም ቢሆን ቀላል ታሪክ የለውም። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐዲዱ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ስለነበር የውጭ ዕቃ የቀረውን መንገድ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ነበር። ቆርቆሮ በእንስሳ ጀርባ ሲጫን ይታያችሁ፤ እንዲህ ተለፍቶበት የመጣን ነገር ማንም በዘፈቀደ አይመታውም። አሮጌዎቹን ጣሪያዎች ከላይ ያየ ሰው ምስማሩ በሙሉ በጉብታው ላይ እንጂ በጎድጓዳው ላይ እንዳልተመታ ያስተውላል፤ ውሃ የሚሄደው በጎድጓዳው ነውና። ዛሬ ይህን የማያውቅ የቆርቆሮ ሠራተኛ የለም ይባል ይሆናል። ከኛ ጓሮ የተቀጠለው ኩሽና ግን በየክረምቱ ሌላ ይመሰክራል።

እነዚህን ቤቶች ማን ሠራቸው? በምኒልክ ዘመን ህንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች በግንባታ ሥራ ብዙ ነበሩ። በረንዳውና የተቀረጸው እንጨት የህንዶቹን እጅ ያስታውሳል፤ ድንጋዩ ላይ የሌሎችም እጅ አለ። አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ዤራር ጋር ያዘጋጁትን ስለ ቀድሞዋ አዲስ አበባ ቤቶች የሚናገር መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው ይህ ቅልቅል ምን ያህል የከተማዋ የራሷ መልክ እንደሆነ ይረዳል። ይሁን እንጂ ጥበቡ ሁሉ ከውጭ የመጣ ተደርጎ ሲወራ ደስ አይለኝም። ከኛ ቁልቁል ሠራተኛ ሰፈር አለ፤ ቤተ መንግሥቱ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ቀጥቃጩና ሸማኔው «ቡዳ» እየተባለ በሚሰደብበት አገር፣ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ንድፉን ህንዱ ይሣለው፤ ጥዱን የቆረጠው፣ ድንጋዩን የጠረበው፣ ጭቃውን የረገጠው የዚሁ አገር ሰው ነው።

ጭቃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የጭቃ ግድግዳ ከሚገባው በታች የተናቀ ሥራ ነው። «የጭቃ ቤት» ስንል ድህነት ማለታችን ነው። ጥሩ የጭቃ ግድግዳ ግን ከአፈሩ መረጣ ይጀምራል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፣ ይተዋል፣ ሽታው እስኪለወጥ ይቆያል፣ እንደገና ይረገጣል። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ግራና ቀኝ ይታሰራል፣ ምርጊቱ ይገባል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንዲሰነጠቅም ይፈለጋል፣ ቀጣዩ ንብር የሚይዘው በስንጥቁ ነውና። ከዚያ ደቃቁ ልስን፣ በመጨረሻም ኖራ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው የፒያሳ ክፍል ፈረሰ። ስለ ፍርሻው ሁሉም የየራሱን ብሏል፤ እዚህ አልደግመውም። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግማሹ ወድቆ ግማሹ በቆመ ግድግዳ ውስጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ አጠገቡ የኖረ ሰው ያላየውን ነገር አየሁ። ማገሩ በምስማር ሳይሆን በልጥ የታሰረበት ቦታ ነበር። ቋጠሮዎቹ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ የዞሩ፣ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነበሩ። ጭቃ ሊውጣቸው፣ ዳግመኛም ማንም ላያያቸው፣ ያ ሰው ቋጠሮዎቹን አስተካክሎ አሰራቸው። ከክፈፉ ጥለት ይልቅ ለዚህ ቋጠሮ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ጥቂት ወራት ነው። ጭቃ በዚህ ሁሉ ውሃ መሀል መቶ ዓመት የሚቆመው በተአምር አይደለም። የምድሩ ግድግዳ ድንጋይ የሆነው ከመሬት የሚፈናጠረው ውሃ ጭቃውን እንዳይነካ ነው። በረንዳው ፎቁን የከበበው ሰው ቡና እንዲጠጣበት ብቻ ሳይሆን በነፋስ የተገፋ ዝናብ ልስኑ ላይ እንዳይደርስ ነው። የበረንዳው ቋሚዎች የጥድ ናቸው፤ ጥድ ምስጥን ይቋቋማል፣ እግራቸውም አፈር ውስጥ ሳይሆን በጥርብ ድንጋይ ላይ ቆሟል። የሳንቃው ወለል ሥር ባዶ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ድንጋዩ መሀል የተተዉት ጠባብ ቀዳዳዎች የአይጥ መግቢያ ይመስላሉ (ይገባባቸዋልም)፣ ግን የተሠሩት ነፋስ ከወለሉ ሥር ገብቶ እርጥበቱን ይዞ እንዲወጣ ነው። ከጎረቤቶቼ አንዱ ቀዳዳዎቹን ለብርድ ብሎ በሲሚንቶ ደፈናቸው። ወለሉ በሦስተኛው ክረምት ከእግሩ ሥር ይለሰልስ ጀመር።

ሲሚንቶ በእነዚህ ቤቶች ላይ ብዙ በደል ሠርቷል። ጭቃ ውሃ ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሰዋል። ኖራ ይህን አይከለክለውም። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ከውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ላዩ ድንጋይ መስሎ ውስጡ ይልማል፣ አንድ ቀን ልስኑ እንደ ቅርፊት በአንድነት ይወርዳል። ያደሰው ሰው «ጭቃው ነው ያበላሸው» ብሎ ይሄዳል።

ስለ ማገጣጠሚያው አንድ ሁለት ነገር ልበልና ልለፍ። የደረጃው መደገፊያ ከምሰሶው ጋር የተያያዘው አንዱን ጎድጉዶ ሌላውን በማጉረስ ነው፤ ምስማር የለበትም። የመስኮቱ መዝጊያ ሲዘጋ አንደኛው ክንፍ ሌላውን በግማሽ ጣት ይደርበዋል፣ በመሀሉ ብርሃን አያልፍም። ይህን በጣይቱ ሆቴል ሰፊ የእንጨት ደረጃ ላይ በትልቁ ማየት ይቻላል። ሆቴሉን በ2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ጎድቶታል፤ ስለ እንጨት ሲወራ ከውሃ ሌላ ይህም ጠላት እንዳለ አይረሳም።

የድንጋዩን ጥበብ ለሚወድ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅርብ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው ካቴድራል ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ንድፉ የኢጣሊያዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ መሆኑም የታሪክ ቀልድ ነው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሥዕሉን ያያል። እኔ ማዕዘኑን ተመልከቱ እላለሁ። የተራ ቤት ማዕዘን 90 ዲግሪ ስለሆነ ማንኛውም አራት ማዕዘን ድንጋይ ይገጥመዋል። እዚህ ግን ማዕዘኑ 135 ዲግሪ ነው፤ ከታች እስከ ላይ በስምንቱም ቦታ ልክ መጠበቅ አለበት። በትንሹ ከሳተ ስምንተኛው ግድግዳ ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም።

በእነዚህ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ሁልጊዜ እንደ ሥራቸው የተዋበ አይደለም። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ካደረገ በኋላ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። የአንድ ነጋዴ ሳሎን የነበረው ለብዙ አባወራ ተከፈለ። ማከፋፈያው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ የጎረቤቴን ሳል ከነሰዓቱ አውቀዋለሁ። መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ከላያችን በኖራ የተቀባው የአቡጀዲ ኮርኒስ ሆዱን ነፍቶ ወርዷል፤ ላዩ ላይ የምን ዘመን አቧራ እንዳለ ለማወቅ አልፈልግም። ያም ሆኖ አንድ እውነት አለ። ጥለቱ እስከዛሬ የቆየው ተከራዩ ድሃ፣ አከራዩ ግድ የለሽ ስለነበረ ነው። ገንዘብ ያላቸው ያሳደሷቸው ቤቶች ዛሬ የብረት መስኮትና የሲሚንቶ ክፈፍ ነው ያላቸው።

ባለፈው ዓመት ከክፈፉ ጣውላ አንዱ ተነቅሎ ወደቀ፤ ዲሽ የሰቀለ ሰው ምስማሩን በቀጥታ ቅጠሉ መሀል መትቶት ነበር። በሰፈሩ ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ አመጣሁ። ስብርባሪውን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ።

«ጋሼ፣ በማሽን ቢቆረጥ አይፈጥንም?» አልኳቸው።

«ይፈጥናል። ግን ሁሉም አንድ ይሆንብሃል፤ ከሌሎቹ መሀል ጥርስ የተተከለ ነው የሚመስለው።»

በእጅ ቆረጡት። ጥድ ስላልተገኘ ባሕር ዛፍ ሆነ፤ እንጨቱ እንደሚጣመም አስቀድመው ነገሩኝ፣ ትንሽ ተጣመመም። የሹሉን ጀርባ ግን በመሮ በስሱ አጎደጎዱት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይዞር ነው አሉኝ፣ አሮጌው ላይም አለልህ፣ እጅህን ስደድና ዳስሰው። ዳሰስኩት፤ ነበረ። ከፊት ለፊት ሲያዩት የማይታወቅ፣ ጣት ብቻ የሚያገኘው ቦይ።

አሁን ግንቦት ሳይገባ ግድግዳውን ኖራ ለመቀባት ከጎረቤቶቼ ጋር መዋጮ ጀምረናል። ግማሾቹ የዘይት ቀለም ይሻላል፣ ይታጠባል ይላሉ። እኔ ስለ ጭቃ አተነፋፈስ ሳስረዳ የታችኛዋ እማማ «አንተ ቤቱን ታማሚ አደረግኸው እኮ» ብለው አሳቁብኝ። ኖራውም ቀለሙም ገና አልተገዛም።