መልስ ያጣው የድራውፓዲ ጥያቄ
(ስለ ሕንዱ ተከታታይ ድራማ «ማሃባራት» የቀረበ አስተያየት)

የሕንድ ፊልም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዘፈኑና ጭፈራው ነው። የዛሬው ርእሳችን ግን ዘፈን አይደለም። «ማሃባራት» ከተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ የቁማሩን ክፍል እናነሳለን። ያየው ሰው ሳይናደድ የማይነሳበት ክፍል ነው። እኛም ተናደናል። በማን ላይ መናደድ እንዳለብን ግን ረጋ ብለን ማሰብ ያስፈልገናል።

መጀመሪያ ድራማውን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። «ማሃባራት» በሕንድ መንግሥት ቴሌቪዥን በዱርዳርሻን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1988 እስከ ጁን 1990 እሁድ እሁድ ጠዋት በ94 ክፍሎች ታየ። ቢ. አር. ቾፕራ ከልጁ ከራቪ ቾፕራ ጋር ሆኖ አዘጋጀው። ታሪኩ የተወሰደው በሳንስክሪት ከተጻፈው የሂንዱዎች ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። የተዋንያኑን ንግግር በሂንዲ የጻፈው ደራሲ ራሂ ማሱም ራዛ ግን ሙስሊም ነበር። ተራኪውም ሰው ሳይሆን «ጊዜ» ራሱ ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ሕንድ በሯን ዘግታ በተቀመጠችበት ወቅት ድራማው እንደገና ታይቷል።

ነገሩ በአጎት ልጆች መካከል የተነሳ የዙፋን ጠብ ነው። በአንድ ወገን አምስት ወንድማማቾች አሉ፤ ታላቃቸው ዩዲሽቲራ ይባላል። ድራውፓዲ የአምስቱም ሚስት ናት። በሌላው ወገን ደግሞ መቶ ወንድማማቾች አሉ፤ የእነሱ ታላቅ ዱርዮዳና ነው። ዱርዮዳና የአጎቱን ልጅ መንግሥት በቁማር ሊወስድ አስቦ ዩዲሽቲራን ለጨዋታ ጠራው። የሚጫወቱት ዳይስ ነው። ለዱርዮዳና የሚጥልለት ግን አጎቱ ሻኩኒ ነው፤ የሻኩኒ እጅ ደግሞ አይስትም። ዩዲሽቲራ ሀብቱን አስያዘ፣ ተበላ። መንግሥቱን አስያዘ፣ ተበላ። ወንድሞቹን አንድ በአንድ አስያዘ፣ ተበላ። ራሱን አስያዘ፣ ተበላ። በመጨረሻም ሚስቱን አስያዘ። ሐቀኛ ነው ተብሎ የሚከበር ሰው እኮ ነው ይህን ያደረገው!

ድራውፓዲን የሚጠራ መልእክተኛ ሲመጣ እሷ ጥያቄ አስይዛ መለሰችው። ጥያቄዋ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዩዲሽቲራ አስቀድሞ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እሷን? ራሱን ከሆነ ያን ጊዜ ባሪያ ሆኗል። ባሪያ የሆነ ሰው ታዲያ በምን መብቱ ሌላ ሰው ያስይዛል? መልስ ሳታገኝ የዱርዮዳና ወንድም ዱሻሳና ፀጉሯን ይዞ እየጎተተ ወደ አዳራሹ አስገባት። እዚያም ሆና ጥያቄዋን አልተወችም።

የክፍሉ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ንጉሡ አሉ፣ የጦር መምህራን አሉ፣ የቤተሰቡ ታላቅ ቢሽማ አሉ። ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ቢሽማ ሕግ አዋቂ ናቸው፣ ነገር ግን ነገሩ ረቂቅ ነው፣ መፍታት አልቻልኩም ከማለት አላለፉም። እኛ አገር «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በዚያ አዳራሽ ግን ዝምታው ነቅዟል።

አንድ ሰው ተነሳ። ቪካርና ይባላል፤ ከመቶዎቹ ወንድማማቾች አንዱ፣ የዱርዮዳና የገዛ ታናሽ ወንድም ነው። ድራውፓዲ አልተበላችም፣ ጥያቄዋ ልክ ነው አለ። የዱርዮዳና ጓደኛ ካርና ወዲያው ልጅ ነህ፣ ታላላቆችህ ዝም ባሉበት አንተ ማን ነህ ብሎ አስቀመጠው። ልብ በሉ፣ የተናገረው ነገር ስህተት ስለመሆኑ በቂ ማስረጃ አልቀረበበትም። ትልቁ ጥፋቱ ልጅነቱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ተአምሩ ይመጣል። ዱሻሳና ልብሷን ሊገፍ ይጎትታል፣ ክሪሽና ግን ጨርቁን ያበዛላታል። ቢጎትት ቢጎትት አያልቅም፤ በመጨረሻ ራሱ ደክሞ ይወድቃል። ተመልካች እዚህ ጋ ነው የሚያጨበጭበው። ማንም የሌለው ሰው ፈጣሪውን መጥራቱ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለምና በዚህ እምነት ላይ ክርክር የለንም። ቅሬታችን ሌላ ነው። ተአምሩ ገላዋን ሸፈነላት እንጂ ጥያቄዋን አልመለሰላትም። ዝም ያሉትም ሰዎች ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ከጉዱ ወጡ። በፑኔ ከተማ የሚገኘው የባንዳርካር ተቋም ሊቃውንት ከ1919 እስከ 1966 ድረስ የጥንት ቅጂዎችን አመሳክረው መጽሐፉን አሳትመዋል። በዚያ እትም ድራውፓዲ ወደ ክሪሽና የምትጸልይበት ቦታ በኋላ የተጨመረ ነው ተብሎ ከዋናው ጽሑፍ ወጥቷል። ጥያቄዋ ግን አልወጣም።

ስለ አሠራሩ ካነሳን፣ ድራውፓዲን ሆና የተጫወተችው ሩፓ ጋንጉሊ ምስጋና ይገባታል። እያለቀሰችም ድምጿ ልመና አይሆንም፤ ክስ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ሙዚቃው ነው። በየንግግሩ መሀል እንደ ነጎድጓድ ይጮሃል፣ ካሜራውም ያንኑ ፊት ደጋግሞ ያቀርባል። ከዚህ የባሰው ግን የሻኩኒ ነገር ነው። ጉፊ ፔንታል ሻኩኒን እያነከሰና አንድ ዓይኑን እያጠበበ ሲጫወተው ንዴታችንን ሁሉ እሱ ይወስደዋል። ሻኩኒን ስንራገም ሚስቱን ያስያዘውን ባልና ዝም ያሉትን ሽማግሌዎች እንረሳለን። ክፉ ሰው በመልኩ የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ነበረ?

በታሪኩ መጨረሻ ንጉሡ ደንግጠው ድራውፓዲን የፈለግሽውን ጠይቂ ይሏታል። መጀመሪያ ዩዲሽቲራን ነፃ አስወጣች። ሁለተኛ አራቱን ወንድሞቹን ከነመሣሪያቸው አስለቀቀች። ሦስተኛ ጨምሪ ስትባል በቃኝ አለች። ባሏ ማቆም አቅቶት ሁሉን አጣ፤ እሷ የት ላይ ማቆም እንዳለባት ታውቃለች። በእኛ አስተያየት የዚያን ቀን በአዳራሹ ውስጥ ንጉሥ መሆን የሚገባው ሰው ማን እንደነበረ የሚያሳየው ይህ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ክፍል ለተማሪዎች የምታሳዩ ከሆነ ተአምሩ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት አቁሙትና ጥያቄዋን ለክፍሉ ስጡ። ወንዶቹም ሴቶቹም ይከራከሩበት። ሕግ የሚያውቅ ይመልስ፣ የማያውቅም ይሞክር። ተማሪዎችም ቢሽማን ብትሆኑ ምን ትሉ እንደነበር በአንድ ገጽ ጻፉ። እኛ አስተማሪዎችም ራሳችንን እንመርምር። አንዲት ልጅ ከበድ ያለ ጥያቄ ይዛ ስትነሳ «አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ» ማለት ይቀልለናል። ካርና ለቪካርና የሰጠው መልስ ይኸው ነበር። መልሱን የማናውቀው ከሆነ አላውቀውም፣ አብረን እንፈልግ ብንላት ምንም አይጎድልብንም። ጥያቄዋን በዝምታ ካለፍነው ግን እኛም ከነቢሽማ ጎን አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠናል ማለት ነው።